ለውጪ ኢንሱሌተር የሚሆን ፖሊመርን በተዳፋት መፈተሽ፦ ፈሳሹን ከማዘጋጀት እስከ ቁስሉን ማንበብ

የሸክላ ወይም የብርጭቆ ስኒ (የኤሌክትሪክ ሽቦን ከምሰሶው ለይቶ የሚይዘው ኢንሱሌተር) ቢቆሽሽም፣ ቢረጥብም፣ ብልጭታ ቢጫወትበትም ገጹ አይቃጠልም። ፖሊመር ግን ይቃጠላል። ሲሊከን ጎማ፣ ኢፒዲኤም የሚባለው ሰው ሠራሽ ጎማ፣ ኢቪኤ የሚባለው ፕላስቲክ፣ ኢፖክሲ፣ ሁሉም ውስጣቸው ካርቦን አለ። አቧራና እርጥበት ተቀላቅለው ገጹ ላይ ስስ የከረንት መንገድ ሲፈጥሩ፣ ከረንቱ ውሃውን በየቦታው ያደርቀዋል። የደረቀው ጠባብ መስመር ላይ ቮልቴጁ በሙሉ ይከመርና ብልጭታ ይነሳል። ብልጭታው ገጹን ወደ ካርቦን ከለወጠው ከረንት የሚያስተላልፍ፣ ታጥቦ የማይለቅ ጥቁር መስመር ይቀራል፤ ይህ ትራኪንግ ይባላል። ካርቦን ካልተፈጠረ ደግሞ ብልጭታው ቁሱን ቀስ በቀስ ይቦረቡረዋል፤ ይህ መሸርሸር ነው። ሁለቱም መጨረሻቸው አንድ ነው፦ የውስጡ ዘንግ ይጋለጣል፣ ወይም መስመሩ ይቋረጣል።

መስክ ላይ ዓመታት የሚወስደውን ይህን ጉዳት በ6 ሰዓታት ውስጥ የሚያሳየው የተዳፋት ፍተሻ ነው፦ ባዘነበለ ናሙና ላይ ከረንት የሚያስተላልፍ በካይ ፈሳሽ እየወረደ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይሰጠዋል። አሠራሩ አይኢሲ (ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን) ባወጣው 60587 በተባለው መስፈርት ተደንግጓል። መሣሪያው ውስብስብ አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቮልቴጁ ላይ ሳይሆን ፈሳሹ ላይ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ለፈሳሹ ሰፊ ቦታ ተሰጥቷል።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ይታወቅ። በፈሳሹ ውስጥ ሆን ተብሎ የሚጨመር አርጣቢ ኬሚካል አለ፤ ሥራው ውሃ የሚሸሽ ገጽን ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ማርጠብ ነው። ስለሆነም ይህን ፍተሻ ያለፈ ሲሊከን "ብልጭታ ይችላል" እንጂ "ውሃ ይሸሻል" ማለት አይደለም። ሁለተኛው በሌላ መንገድ ይፈተሻል፤ ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን።

መሣሪያው

የቮልቴጅ ምንጩ ከ48 እስከ 62 ኸርዝ የሚሠራ፣ ቢያንስ እስከ 4.5 ኪሎ ቮልት (ቮልቴጁ በየሰዓቱ ከፍ የሚልበት የእርከን ፍተሻም ከታሰበ እስከ 6) የሚደርስ ትራንስፎርመር ነው። ለእያንዳንዱ ናሙና 0.1 አምፔር መስጠት መቻል አለበት። አምስት ናሙና በአንድ ጊዜ ከሮጠ 0.5 አምፔር ነው፤ በ4.5 ኪሎ ቮልት ሲባዛ 2.25 ኪሎ ቮልት አምፔር ይመጣል። ከዚህ ያነሰ ትራንስፎርመር ብልጭታ በበዛ ቁጥር ቮልቴጁ ይወርድበታል፤ ናሙናዎቹም ሳይገባቸው ያልፋሉ።

ለእያንዳንዱ ናሙና በከፍተኛው ቮልቴጅ በኩል አንድ ተከታታይ ሬዚስተር ይገባል፤ አቅሙ 200 ዋት ይሁን። ይህ ቁጥር የተጋነነ ይመስላል፤ ነገር ግን 33 ኪሎ ኦም ላይ 60 ሚሊ አምፔር ሲያልፍ ወደ 119 ዋት ሙቀት ይወጣል። ትንሽ ሬዚስተር መጀመሪያ ይግልና ዋጋው ይለወጣል፣ ቀጥሎ ይቃጠላል። ሬዚስተሮቹን ከናሙናው ክፍል ውጪ፣ አየር በሚያገኙበት ቦታ አስቀምጧቸው።

በየናሙናው ከረንቱ 60 ሚሊ አምፔር ደርሶ ለ2 ሰከንድ ያህል ሲቆይ የሚቆርጥ መቁረጫ ያስፈልጋል። ተራ ፊውዝ አይበቃም፤ ሰከንዱን መለየት የሚችል ሪሌ ይሻላል። ለአፍታ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ከፍተኛ ከረንት ውድቀት አይደለምና።

ፈሳሹን የሚያደርስ በየናሙናው አንድ መስመር ያለው፣ ቱቦ እየጨመቀ የሚገፋ ፓምፕ፣ ከማይዝግ ብረት የተሠሩ የላይና የታች ኤሌክትሮዶች፣ 0.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የማጣሪያ ወረቀት፣ የኤሌክትሪክ ማስተላለፍ አቅም መለኪያ፣ ቢያንስ አንድ መቶኛ ግራም የሚያነብ ሚዛን፣ ካሊፐርና የጥልቀት መለኪያ ይዘጋጁ።

ክፍሉ በር ሲከፈት ቮልቴጁን የሚቆርጥ መቆለፊያ ይኑረው፤ ይህን አልፎ የሚሠራ ሰው ላቦራቶሪ ውስጥ ሊኖር አይገባም። ቮልቴጁ ከተቆረጠ በኋላም የላይኛውን ኤሌክትሮድ በመሬት ማያያዣ ዘንግ ሳትነኩ እጃችሁን አታስገቡ። ጭሱ የአሞኒየም ክሎራይድ ትነት፣ ኦዞንና የተቃጠለ ጎማ ስለሆነ ወደ ውጪ መውጣት አለበት፤ ማራገቢያው ግን ቀስ ያለ ይሁን። ናሙናው ፊት ላይ ንፋስ ከተሰማ ፈሳሹን ያደርቃል፣ ብልጭታውንም ይገፋዋል።

ናሙናው

መጠኑ 50 በ120 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር ነው። ቢያንስ አምስት ያስፈልጋሉ፤ ስምንት ብትቆርጡ ግን አትቆጩም፤ አንዱ ሲገጠም ይሰነጠቃል፣ ሌላው የአየር አረፋ ይገኝበታል። ከ6 ሚሊ ሜትር የሳሳ ናሙና ሙቀቱን የሚያከፋፍልበት ቁስ ስለሌለው ቶሎ ይበሳል፤ ስለዚህ የ3 ሚሊ ሜትር ውጤትን ከ6 ሚሊ ሜትር ጋር ማወዳደር አይቻልም።

ናሙናው በሻጋታ የተጋገረ ከሆነ አምራቹ የሚያዝዘው ተጨማሪ ማሞቅ መደረጉን አረጋግጡ። በፐርኦክሳይድ የሚበስል ሲሊከን የምላሹ ቅሪት ውስጡ ከቀረ የመጀመሪያው ሰዓት ላይ ጠባዩ ይለወጣል። በዚህ ላይ ጥንቃቄ አለ፦ አልሙኒየም ትራይሃይድሬት የተሞላ ጎማን ምድጃ ውስጥ ወደ 200 ዲግሪ ሴልሺየስ ማስጠጋት ያንን መሙያ ማበላሸት ነው። ይህ ዱቄት ከ200 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ከክብደቱ አንድ ሦስተኛ የሚበልጠውን ውሃ አድርጎ ይለቃል፤ ብልጭታን የሚያቀዘቅዘውም በዚሁ ነው። ለፍተሻው የተቀመጠውን ውሃ ምድጃ ውስጥ መጨረስ ደግ አይደለም።

ቀጥሎ፦

1. ናሙናውን ብናኝ በማይተው ጨርቅና በአይሶፕሮፒል አልኮል ጥረጉ፤ የሻጋታ ማላቀቂያ ቅባት እንዳይቀር። ከዚያ በተጣራ ውሃ አለቅልቁ።
2. ጥቂት በካይ ፈሳሽ አፍስሱበትና እዩ። በእኩል ካልተዘረጋ፣ 400 ቁጥር ባለው ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ውሃ ውስጥ እያደረጋችሁ ገጹ ሲደርቅ ወጥ ሆኖ እስኪደበዝዝ ድረስ በስሱ ፈትጉ። መፈተጋችሁን መዝገቡ ላይ ጻፉ።
3. አድርቁ፣ መዝኑ፣ ቁጥር ስጡ። ቁጥሩን በብዕር ሳይሆን በጠርዙ ላይ በመቅረጽ አድርጉት፤ ቀለም ፈሳሹ ውስጥ ይገባል።
4. ከታችኛው ኤሌክትሮድ 25 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ በሁለቱም ጠርዞች ላይ ምልክት አድርጉ። የካርቦን መስመር የሚለካው በዚህ ነው።
5. ከዚህ በኋላ በባዶ እጅ አትንኩት። የጣት ቅባት ፈሳሹን ወደ አንድ ጎን ይሰበስበዋል።

ፈሳሹ

በክብደት 0.1 በመቶ አሞኒየም ክሎራይድና 0.02 በመቶ አርጣቢ፣ የቀረው የተጣራ ወይም ከአዮን የጸዳ ውሃ ነው። አርጣቢው አዮን የሌለው ዓይነት ነው፤ በተለምዶ ትራይተን ኤክስ 100 የሚባለው። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በምትኩ አይሆንም፤ ሳሙና ራሱ አዮን ስላለው የከረንት ማስተላለፍ አቅሙን ያዛባል።

ስንት ይበቃል? በ4.5 ኪሎ ቮልት የየናሙናው ፍሰት በደቂቃ 0.6 ሚሊ ሊትር ነው። በአምስት ናሙናና በ360 ደቂቃ ሲባዛ 1,080 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ቱቦ መሙላት፣ ፍሰት መለካትና ቅድመ ማርጠብ ሲታከል 2 ሊትር ማዘጋጀት ይሻላል። ለ2 ኪሎ ግራም ፈሳሽ 2 ግራም አሞኒየም ክሎራይድና 0.4 ግራም ትራይተን ትመዝናላችሁ።

ትራይተን እንደ ማር የወፈረ ነው፤ በመርፌ ልስጠው ብትሉ ግማሹ መርፌው ላይ ይቀራል። በትንሽ ብርጭቆ ውስጥ መዝኑና ለብ ባለ ውሃ አሟሙታችሁ፣ ብርጭቆውን ሁለት ሦስት ጊዜ እያለቀለቃችሁ ወደ ዋናው ዕቃ ገልብጡ። አትናጡት፤ አረፋው ፓምፑ ቱቦ ውስጥ ይገባና ፍሰቱን ይቆራርጠዋል። በቀስታ ማማሰል ይበቃል።

አሞኒየም ክሎራይድ እርጥበት ይስባል። ጠርሙሱ ውስጥ ድንጋይ ሆኖ ከተያያዘ ስትመዝኑት ውሃም እየመዘናችሁ ነው፤ ፈሳሹም ከሚገባው በታች ይሆናል።

አሁን ዋናው ልኬት፦ የፈሳሹ ሬዚስቲቪቲ በ23 ዲግሪ ሴልሺየስ 3.95 ኦም ሜትር መሆን አለበት፤ የሚፈቀደው ልዩነት ወደ ላይም ወደ ታችም 0.05 ብቻ ነው። መለኪያችሁ ግልባጩን፣ ማለትም የማስተላለፍ አቅሙን የሚያሳይ ከሆነ፣ በሴንቲ ሜትር 2.53 ሚሊ ሲመንስ፣ ማለትም ከ2.50 እስከ 2.56 ባለው መካከል ማንበብ አለበት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ወጥመድ አለ። አብዛኞቹ ዘመናዊ መለኪያዎች የሙቀቱን ልዩነት ራሳቸው አስተካክለው በ25 ዲግሪ የሚሆነውን ይነግሯችኋል። የማስተላለፍ አቅም በአንድ ዲግሪ በ2 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ ትክክለኛ ፈሳሽ በዚህ መለኪያ ላይ 2.63 አካባቢ ይነበባል። ይህን ያየ ሰው "በዛ" ብሎ ውሃ ይጨምራል፣ ደህናውን ፈሳሽም ያበላሻል። ማስተካከያውን አጥፉት፣ ፈሳሹን ወደ 23 ዲግሪ አምጡት፣ ከዚያ ለኩ።

ፈሳሹ በተዘጋ ዕቃ ከአራት ሳምንት በላይ አይቆይ። ቢሆንም ከእያንዳንዱ ተከታታይ ፍተሻ በፊት እንደገና ይለካ።

መግጠም

ናሙናው ከአግድም 45 ዲግሪ አዘንብሎ ይቆማል፤ የሚፈተሸው ገጽ ወደ ታች ያያል። ይህ ለጀማሪ ግራ ያጋባል፤ ፈሳሹ ከታች በኩል ተጣብቆ ነው የሚወርደው። ገጹ ወደ ላይ ቢሆን ፈሳሹ ይቋጥር ነበር፣ አመዱም እዚያው ይከመር ነበር።

የላይኛውና የታችኛው ኤሌክትሮድ መካከል 50 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ በካሊፐር ለኩ፣ በዓይን አትገምቱ። በላይኛው ኤሌክትሮድና በናሙናው መካከል ስምንት ድርብ የማጣሪያ ወረቀት ይገባል። ወረቀቱ እንደ ትንሽ ጋን ነው፦ ከቱቦው የሚመጣውን ጠብታ ተቀብሎ በስፋቱ አከፋፍሎ ያወርዳል። የቱቦው አፍ በወረቀቶቹ መካከል ይግባ። ብሎኑን አብዝታችሁ ካጠበቃችሁ ወረቀቱ ይጨፈለቅና ፈሳሹ በጎን ይፈሳል፤ ካላላችሁት ደግሞ በአንድ ነጥብ ይንጠባጠባል። ለእያንዳንዱ ፍተሻ አዲስ ወረቀት ተጠቀሙ።

ከፍተኛው ቮልቴጅ ወደ ላይኛው ኤሌክትሮድ፣ መሬት ወደ ጥርስ ወዳለው ታችኛው ኤሌክትሮድ ይያያዛል። የዛገ፣ የተቃጠለ ወይም ጥርሱ የተበላ ኤሌክትሮድ ይጽዳ ወይም ይለወጥ።

ቮልቴጅ፣ ፍሰትና ሬዚስተር አብረው የሚሄዱ ሦስትነት ናቸው። ለ2.5 ኪሎ ቮልት ፍሰቱ በደቂቃ 0.15 ሚሊ ሊትር፣ ሬዚስተሩ 10 ኪሎ ኦም ነው። ለ3.5 ኪሎ ቮልት 0.30 ሚሊ ሊትርና 22 ኪሎ ኦም፣ ለ4.5 ኪሎ ቮልት ደግሞ 0.60 ሚሊ ሊትርና 33 ኪሎ ኦም ይሆናል። ቮልቴጁን ከፍ አድርጎ ሬዚስተሩን መርሳት የተለመደ ስህተት ነው፤ የብልጭታውን ኃይል የሚወስነው ግን ሬዚስተሩ ነው።

ፍሰቱን የፓምፑን ቁልፍ አይታችሁ አትመኑ። የቱቦውን ጫፍ በናሙናው ከፍታ ላይ ይዛችሁ ለ10 ደቂቃ በተመዘነ ብርጭቆ ሰብስቡ፤ 0.60 ከሆነ ወደ 6 ግራም መምጣት አለበት። አምስቱንም መስመር ለየብቻ ለኩ። ቱቦ ሲያረጅ ይላላል፤ አንዱ መስመር 5 ግራም፣ ሌላው 6.5 ግራም ሲሰጥ ማየት ብርቅ አይደለም።

ማስኬድ

1. ክፍሉን በ23 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ አድርጉ፤ ልዩነቱ ከ2 ዲግሪ አይለፍ።
2. ፓምፑን አስነሱ፤ ቮልቴጅ ገና የለም። ፈሳሹ ከወረቀቱ እስከ ታችኛው ኤሌክትሮድ ሳይቋረጥ ቢያንስ ለ10 ደቂቃ ይውረድ። በጎን የሚያፈስ ካለ አሁኑኑ አስተካክሉት።
3. በሩን ዝጉ፣ ቮልቴጁን ወደተመረጠው መጠን አምጡ፣ ሰዓቱን ያዙ።
4. በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ከታችኛው ኤሌክትሮድ ጥርሶች ትንሽ ከፍ ብሎ ቢጫ ወደ ነጭ የሚያደላ ትናንሽ ብልጭታ መጫወት አለበት። ይህ በ10 ደቂቃ ውስጥ ካልታየ አቋርጡና ምክንያቱን ፈልጉ፤ ብልጭታ የሌለበት 6 ሰዓት ውሃ ማፍሰስ ብቻ ነው።
5. በየ30 ደቂቃው የብልጭታውን ቦታ፣ የጥቁረቱን ርዝመትና የፍሰቱን ሁኔታ መዝግቡ። ካሜራ ካላችሁ ትከሉበት።
6. አንዱ ናሙና ከወደቀ እሱን ብቻ ለዩት፣ ሌሎቹ ይቀጥሉ።
7. 6 ሰዓቱ ሲሞላ ቮልቴጁን ቁረጡ፣ መሬት አስነኩ፣ ከዚያ ፓምፑን አቁሙ።

ውድቀት የሚባለው ምንድን ነው? በመጀመሪያው መለኪያ፣ ማለትም በ"ኤ"፣ ከረንቱ ከ60 ሚሊ አምፔር በልጦ 2 ሰከንድ ሲቆይ ናሙናው ወድቋል፤ ከተበሳ ወይም እሳት ከያዘም እንዲሁ። በ"ቢ" መለኪያ ደግሞ ጥቁሩ መስመር 25 ሚሊ ሜትሩ ምልክት ላይ ሲደርስ ነው። አምስቱም ናሙናዎች 6 ሰዓት የቻሉት ከፍተኛ ቮልቴጅ የቁሱ ደረጃ ይሆናል። በ3.5 ኪሎ ቮልት አምስቱም ካለፉና በ4.5 አንዱ እንኳ ከወደቀ ደረጃው "1ኤ 3.5" (አንደኛ ዘዴ፣ መለኪያ ኤ፣ 3.5 ኪሎ ቮልት) ነው፤ አማካይ የሚባል ነገር የለም። ለውጪ የከፍተኛ ቮልቴጅ ፖሊመር ምርጫ የሚያገለግለው አይኢሲ 62039 የሚጠይቀው ዝቅተኛም ይኸው 1ኤ 3.5 ነው።

ሁለተኛ ዘዴም አለ፦ ቮልቴጁን በየሰዓቱ በ250 ቮልት ከፍ እያደረጉ እስኪወድቅ መሄድ። ፍሰቱና ሬዚስተሩ ከቮልቴጁ ጋር መቀየር ስላለበት አድካሚ ነው። ሁለት ቅመማዎችን ለማበላለጥ ጥሩ ነው፤ ለገዢ የሚቀርብ ውጤት ግን በመጀመሪያው ዘዴ ቢሆን ይመረጣል።

ፍተሻውን ራሱን መጠርጠር

ውጤቱ ያልተጠበቀ ሲሆን፣ ጥሩም ቢሆን፣ ቁሱን ከመፍረድ በፊት ፍሰቱን ጠርጥሩ። ፈሳሹ ሲያንስ ገጹ ቶሎ ይደርቃል፣ ብልጭታው ይሳሳል፣ ደካማ ቁስ ያልፋል። ወረቀቱ አጠገብ፣ ማለትም ላይኛው ኤሌክትሮድ ስር ብልጭታ ካያችሁ ምልክቱ ይህ ነው፤ ወረቀቱም ይቃጠላል። ፈሳሹ ሲበዛ ደግሞ ደረቅ መስመር ለመፈጠር ጊዜ አያገኝም፤ ከረንቱ ከፍ ብሎ ወጥ ይሆንና ገጹ ሳይጎዳ መቁረጫው ይተኮሳል። በወደቀ ናሙና ላይ ቁስል ካላገኛችሁ ውድቀቱ የፓምፑ ነው።

አምስቱ ናሙናዎች በጣም ከተለያዩ፣ ለምሳሌ ሦስቱ ንጹህ ሆነው ሁለቱ በ1 ሰዓት ውስጥ ቢበሱ፣ ወይ ፍሰቱ እኩል አይደለም፣ ወይ ዱቄቱ ጎማው ውስጥ በደንብ አልተቦካም። መስመሮቹን አቀያይራችሁ ድገሙ፤ ውድቀቱ መስመሩን ከተከተለ ፓምፕ ነው፣ ናሙናውን ከተከተለ ቡኮው ነው።

ሌላ የሚዘነጋ ነገር የአየሩ ግፊት ነው። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየር ግፊቷ ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ በሳሳ አየር ብልጭታ በቀላሉ ይረዝማል። ስለዚህ ግፊቱን መዝግቡ፤ በየዙሩም ደረጃው የሚታወቅ አንድ ማመሳከሪያ ቁስ አብራችሁ አስኪዱ። ማመሳከሪያው እንደወትሮው ካልሆነ የዚያ ቀን ውጤት በሙሉ አይያዝ።

ቁስሉን ማንበብ

ናሙናውን አለቅልቁና አድርቁ። ልል አመዱን ባልተሳለ ነገር፣ ለምሳሌ በእንጨት ስንጥር ፋቁ፤ ስለት ከተጠቀማችሁ ደህናውን ጎማ ትቆርጡና የራሳችሁን ጉዳት ትለካላችሁ። የጥልቁን ቦታ ጥልቀት በሚሊ ሜትር፣ የጠፋውን ክብደት በግራም መዝግቡ።

ቀለሙ ብዙ ይናገራል። ሲሊከን ሲቃጠል የሚተወው ነጭ ሲሊካ ነው፤ ከረንት አያስተላልፍም፤ ስለዚህ ጥሩ ሲሊከን ነጭ ወይም ግራጫ፣ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ጠባሳ ይኖረዋል። ጠባብና ጥልቅ ጉድጓድ ካያችሁ አልሙኒየም ትራይሃይድሬቱ አንሷል ወይም በእኩል አልተሰራጨም፤ አንድ ቦታ የጀመረ ብልጭታ ሙቀቱን የሚወስድበት አጥቶ እዚያው ቆፍሯል። ኢፒዲኤም ላይ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ጥቁርና ወደ ላይ የሚዘረጋ መስመር ነው። ሞለኪውላቸው ውስጥ የቤንዚን ቀለበት ያላቸው ተራ ኢፖክሲዎች ደግሞ ካርቦን ለመሥራት እጅግ ቅርብ ናቸው፤ ለውጪ አገልግሎት ሳይክሎአሊፋቲክ የሚባለው ኢፖክሲ የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው።

መሙያውን ማብዛት መፍትሔ ይመስላል። ግን ዱቄቱ በጨመረ ቁጥር ጎማው ይደርቃል፣ ለመቀደድም ይቀርባል። ክብደቱም ይጨምራል፣ ሻጋታ ውስጥ መግባትም ይከብደዋል። 4.5 ኪሎ ቮልት ያለፈ፣ ሲታጠፍ ግን የሚሰነጠቅ ጎማ ለስኒ አይሆንም፤ የመቀደድ ጥንካሬውን አብራችሁ ለኩ።

ውሃ የመሸሽ ጠባይ

ይህ ርካሽ ነው፤ የሚያስፈልገው የፀጉር ቤት ዓይነት የውሃ መርጫ፣ ንጹህ ውሃና ዓይን ነው። ከ50 እስከ 100 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለውን ገጽ ከ25 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ በሰከንድ አንዴ ወይም ሁለቴ እየረጫችሁ ለ20 እስከ 30 ሰከንድ አርጥቡ፤ ርጭቱ እንዳቆመ በ10 ሰከንድ ውስጥ ፍረዱ። ደረጃዎቹ ሰባት ናቸው። አንደኛው ላይ ድቡልቡል የተነጣጠሉ ጠብታዎች ብቻ ይታያሉ፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ ጠብታዎቹ እየተንጣለሉ ክብነታቸውን ያጣሉ። አራተኛው ላይ የረጠቡ ቦታዎች ይጀምራሉ፣ እያንዳንዳቸው ግን ከ2 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያንሳሉ። አምስተኛው ላይ ከዚያ የሚሰፉ አሉ፤ ስድስተኛው ላይ ከ90 በመቶ በላይ ረጥቧል፤ ሰባተኛው ወጥ የውሃ ሽፋን ነው። ሁለት ሰው ለየብቻ ይፍረድና ይነጻጸር፤ በተለይ ሦስትና አራት ላይ ዓይን ይለያያል።

አዲስ ናሙና አንደኛ መሆኑ ብዙ አይናገርም። ለ96 ሰዓታት ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ወዲያው፣ ከዚያ ከ24 እና ከ48 ሰዓታት በኋላ ርጩት። ሲሊከን ከውስጡ በሚወጡ አጫጭር ሞለኪውሎች ገጹን መልሶ ያድሳል፤ ኢፒዲኤም ይህ የለውም። አቧራ ላይም ጠባዩ መሻገሩን ለማየት በ1 ሊትር ውሃ 40 ግራም ካኦሊን (ነጭ የሸክላ አፈር ዱቄት) በጥብጣችሁ ቀቡት፣ አድርቁት፣ ከአንድ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ርጩ። ገጹ ውሃ ስለሚሸሽ ብጥብጡ አልይዝ ይላል፤ መጀመሪያ ደረቅ ካኦሊን በስሱ አሻሽታችሁ የተረፈውን ንፉ። ደረቅና አቧራማ ቆላ ውስጥ ለሚሰቀል ስኒ ይህ ፍተሻ ከተዳፋቱ እኩል ክብደት አለው።

የፋይበር ዘንግ ላለው ስኒ

ጎማው ቢያልፍም የውስጡ የመስታወት ፋይበር ዘንግ ውሃ የሚያሳልፍ ከሆነ ከንቱ ነው። በአይኢሲ 62217 መሠረት ዘንጉን ከነጎማው አስር ቦታ፣ እያንዳንዱ 10 ሚሊ ሜትር ርዝመት እንዲኖረው፣ የአልማዝ ጥርስ ባለው መጋዝ ቀዝቃዛ ውሃ እየፈሰሰበት ቁረጡ። የተቆረጠውን ፊት በ180 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። ሜዳ ላይ ባለ ዕቃ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር የሆኑ የብርጭቆ ወይም የብረት ኳሶች አንጥፉ፣ ናሙናዎቹን አቁሙባቸው፣ 1 ግራም ፉክሲን በ100 ግራም ሜታኖል ያለበትን ቀለም ከኳሶቹ 2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ከፍ እስኪል አፍስሱ። ቀዩ ቀለም 15 ደቂቃ ሳይሞላ ላይኛው ፊት ላይ ብቅ ካለ ዘንጉ ስንጥቅ ወይም ቀዳዳ አለው። ሜታኖል መርዝም ተቀጣጣይም ነው፤ መስኮት ከፍታችሁ፣ ጓንት አጥልቃችሁ ሥሩ።

ከዚያ ስድስት የ30 ሚሊ ሜትር ቁራጮች 0.1 በመቶ የገበታ ጨው ባለበት ከአዮን የጸዳ ውሃ ለ100 ሰዓታት ይቀቀላሉ፤ ቀዝቅዘው 12 ኪሎ ቮልት ለ1 ደቂቃ ይሰጣቸዋል፣ ከረንቱም ከ1 ሚሊ አምፔር ማለፍ የለበትም። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ፣ ባሕር ዳር ላይ በ94 ገደማ ነው፤ ስለዚህ ቅቅሉ ባሕር ጠለል ላይ ከሚደረገው የለዘበ ነው። የውሃውን ሙቀት ሪፖርቱ ላይ ጻፉት። በ92 ዲግሪ የወደቀ ዘንግ በ100 አይድንም፤ በ92 ያለፈው ግን ገና ሙሉ ማስረጃ አላቀረበም፤ ግፊቱ ተጠብቆ 100 ዲግሪ በሚደርስበት ዝግ ዕቃ ቅቅሉን ድገሙ።